ደረት የሚያጥበው ወተት

ሰው የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ሲገዛ ለምን በጆሮው እንደሚመርጥ አይገባኝም። ሱቅ ይገባል፣ የማስነሻ ገመዱን ሁለት ሦስቴ ይስባል፣ ማሽኑ ሲያጓራ ፊቱ ፈካ ይላል። "ይሄ ነው ማሽን!" ይላል። ዘፋኝ የሚቀጥር እንጂ መሣሪያ የሚገዛ አይመስልም።

እኔንም አትዩኝ፤ እንደዚያው ነው የገዛሁት። ከባልንጀራዬ ከጌታነህ ጋር ተዋጥተን በቤንዚን የሚሠራውን መቁረጫ የገዛን ቀን ሻጩ ብዙ ነገር ነገረን። ለብረት የተሠራ ዲስክ ለድንጋይ እንዳናስር፣ ቤንዚኑን ከስንት ዘይት ጋር እንደምንቀላቅል፣ ዲስኩ ኮንክሪት ውስጥ ከተያዘ ማሽኑ ወደ ፊታችን እንደሚዘል ሁሉ ነገረን። መጨረሻ ላይ ጎኑ ላይ የተጠቀለለች ቀጭን የውሃ ጎማ አሳየንና፣ "እቺ ውሃ ዲስኩ ላይ የምታንጠባጥብ ናት፤ አቧራ ታጠፋለች ይላሉ። እዚህ ግን ማንም ሲጠቀምባት አላየሁም" አለን። ማንም የማይጠቀምባትን እኛ ማን ስለሆንን እንጠቀምባታለን? ሥራ እንዳታደናቅፈን ብለን ነቅለን ጣልናት።

ደግሞስ ብናስቀምጣት ውሃው ከየት ይመጣል? እኛ ሰፈር ቀራንዮ ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣ ዕለት ሰው ከባኞ ጀምሮ እስከ ወጥ ድስቱ ይሞላል። አንዴ አስኮ ደረጃ ልንቆርጥ ሄድንና አቧራው ሲበዛብን በጣሳ እየረጨን ብንቆርጥስ ተባባልን። ጌታነህ የቤቱን እመቤት አንድ ጀሪካን ውሃ ለመናቸው። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ "እኔ ፊቴን በሲኒ እየታጠብኩ ያንተን ድንጋይ ላጥብልህ?" አሉት። በደረቁ ቆረጥን። ግቢው በአንድ አፍታ ጉም ሆነ። ሴትዮዋ ራሳቸው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሸሹ።

ሲመለሱ ግን ወተት ይዘውልን መጡ። ይህን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ በኛ ሥራ ወተት የአሠሪ ነው። ስንዋዋል "ቤንዚን በኛ፣ ወተት በእናንተ" ብለን ነው የምንጨባበጠው። ቀለም ቀቢውም፣ ሲሚንቶ ተሸካሚውም፣ ወፍጮ ቤት የሚውለውም ያምንበታል። ወተት ደረት ያጥባል፣ አቧራውን ይዞት ይወርዳል። በየት በኩል ነው የሚወርደው? እሱን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ ጀሪካን ውሃ የሚነፍገን ሰው ሁለት ሊትር ወተት ሲሰጠን ቅር አይለውም፤ ይሄ ደግነታችን እስካሁን ይገርመኛል።

አስቸጋሪው ጌታነህ ነበር። ጎጃም ተወልዶ ያደገ፣ ጾም የማይስት ሰው ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው፣ የገና ጾሙ፣ ሌላው የማያስታውሰው ሁሉ ሳይቀረው ይጾማል። ጾም በሆነ ቁጥር ወተቱን ወደ እኔ ይገፋዋል። እኔ ደግሞ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ጾም ላይ ሰነፍ ነኝ። የእሱንም የእኔንም ድርሻ ግጥም አድርጌ ጠጥቼ "እፎይ፣ ታጠብኩ" እላለሁ።

ሳል የጀመረው እሱ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ቆይቶ ግን ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የምትወስደውን ትንሽ ዳገት ሦስቴ እየቆመ መውጣት ጀመረ። ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔ እጠጣለሁ፣ አላስልም፤ እሱ አይጠጣም፣ ያስላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሚስቱ እልፍነሽም ከእኔ ጎን ቆመች። እሷም ጾም የማታፈርስ ሴት ናት፤ ግን የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዳ ለባሏ ወተት አስፈቀደች። ቄሱም "በሽተኛ ነው፣ ይጠጣ" አሉ። ጌታነህ አሻፈረኝ አለ። በጣም ተናድጄ ሰው ፊት ግብዝ ብዬ ሰደብኩት። ልጆችህን ለዝና ብለህ ያለ አባት ልታስቀር ነው አልኩት። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

በመጨረሻ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የደረቱን ራጅ አየችና ሥራችን ምን እንደሆነ ጠየቀች። ነገርኳት። ወደ እኔ ዞረችና፣ "እርስዎም ራጅ ይነሱ" አለችኝ። እኔ ምን ሆኜ? እየሳቅሁ ገብቼ ተነሳሁ።

ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። አየኋቸው። የጿሚው የትኛው፣ የጠጪው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ላይ ነጫጭ ነገር ተበትኗል። "የእርስዎ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ያው ነው" አለችኝ።

ወተቱስ ብዬ ጠየቅኋት። አልሳቀችብኝም። "አባቴ፣ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። እናንተን የሚያስፈልጋችሁ ውሃ ነበር፤ እሱም ለእናንተ ሳይሆን ለድንጋዩ" አለችኝ።

ይሄኔ ጌታነህ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖበት እስኪያልፍለት ጠበቅነው። "አየህ፣ በከንቱ ልታስገድፈኝ ነበር እኮ!" አለኝ። እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ደጅ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"የውሃውን ነገር ለእልፍነሽ እንዳትነግራት።"

"ለምን?"

"የኛን ቤት መስኮት ስንቆርጥ በርሜሉ ሙሉ ነበር። ለልጆቹ ልብስ ነው ብላ ከደነችው። ጥፋት የለባትም፣ ግን እንዳታውቅ።"

ከዚያ ወዲህ ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሲያማክረኝ ገመዱን ከመሳብህ በፊት የውሃ ጎማዋን እያት እለዋለሁ። ውሃ ከሌለ ሥራውን ተወው እለዋለሁ። ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና ሄዶ ገመዱን ይስባል።

ጌታነህ በሁዳዴ አጋማሽ ሞተ። ጾሙን እንደያዘ ነው የሄደው። ከሠልስቱ በኋላ እልፍነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሳሌን ስትሰማ ተነስታ ወጣች፤ ቆይታ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ይዛ መጣች። በሁዳዴ፣ በዚያ ሐዘኗ፣ ወተት ፍለጋ ስንት ቤት እንዳንኳኳች እግዜር ይወቅ።

"እሱ እምቢ እያለኝ ነው የሞተው። አንተ እንኳ ስማኝ፣ ጠጣ" አለችኝ።

ፊት ለፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። ተቀብያት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁ። አፌን በእጄ ጠረግሁና፣ "ደረቴን ቀለል አለኝ" አልኳት።