ፀጉር አስተካካዩና የእህታቸው ካርታ

ሽንፈትን በጸጋ የሚቀበል ሰው አለ የሚባለው ወሬ ነው። እኛ የምናውቃቸው ሁሉ ተበድለው እንጂ ተሸንፈው አያውቁም። የዚህ ወገን አለቃ ደግሞ ክቡር ፀጉር አስተካካዩ ናቸው።

ክቡርነታቸው በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ ባለ ሁለት መስታወቷ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከታላቅ እህታቸው ጋር በየስልካቸው ካርታ ይጫወታሉ። እህታቸው ጎረቤት ባለው መሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ናት፤ ለምሳ ወደ ሱቁ ትመጣለች። ዐይነ ስውር ስለሆነች የደረሳትን ካርታ ስልኳ በማዳመጫ ይነግራታል። አንቱ የማንላት ማዕረግ ስለማያስፈልጋት ነው፤ ታሸንፋለች።

ክቡርነታቸው ታዲያ "ኔትወርኩ ነው" ይላሉ። በማግስቱ "ጣቴ ላይ ቅባት ነበረ።" አንድ ቀን ጭንቅላቱ እስከ ግማሽ ወደተላጨ ደንበኛ ዞረው "አንተ ነህ! ስታስነጥስ ሐሳቤን በተንከው!" ብለው ጮኹበት። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ። ምን ያድርግ፣ ምላጩ ያለው በእሳቸው እጅ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ታደሰ። አዲሱ መልኩ ሲያዩት ያምራል፤ ሠሪዎቹ ግን ስልኩ የሚያነበውን የካርታዎቹን ስም መጻፍ ረስተዋል። እህትየው የትኛውንም ካርታ ብትነካ ስልኳ የካርታውን ስም ትቶ "ቁልፍ" ብቻ ይላታል። ልብ ሰባትም ቁልፍ፣ ጆከርም ቁልፍ። በግምት ሦስት ጊዜ ተጫውታ ሦስቱንም ተሸነፈች።

ደንበኞች የክቡርነታቸውን ጭፈራ ለማየት ወንበራቸውን አመቻቹ። እሳቸው ግን የፀጉር ማሽናቸውን አጠፉ።

"ይሄ አይቆጠርም፣ እትዬ።"

"ይቆጠራል እንጂ፣ አሸንፈኸኛል። እኔም በቃኝ፤ ጨዋታውን ከስልኬ ላጠፋው ነው።"

"እናቴ ትሙት አታጠፊውም!" አሉ ደንግጠው። ከእሷ ሌላ የሚጫወቱት ሰው የላቸውም፤ ሌላው ሁሉ በሰበባቸው ተማሮ ጥሏቸዋል።

ወዲያው ለጨዋታው ሠሪዎች ድምፃቸውን እያሰሙ አቤቱታ መጻፍ ጀመሩ። "ዓይናችሁ ይጥፋና…" ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸው፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

"ይጥፋ በላቸው" አለች እህታቸው እየሳቀች። "ያን ጊዜ ፈጥነው ያስተካክሉታል። ይልቅ ለእያንዳንዱ ካርታ ስሙን ይጻፉለት በል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ ይቅርታ፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል። አንድ ወር ሙሉ! ክቡርነታቸው ተንቆራጠጡና "እስከዚያ እኔ አነብልሻለሁ" አሉ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተጠቃቀሰ። ተቃዋሚዋ ካርታዋን አይቶ ሊያነብላት! ያውም እሳቸው! እሳቸው ግን ስልኳ ላይ አጎንብሰው አንድ በአንድ በጆሮዋ ያንሾካሹካሉ፤ ተመልሰው የራሳቸውን ካርታ ይጫወታሉ። በአንዲት ካርታ እንኳ አልዋሹም። የያዘችውን ሁሉ እያወቁ፣ በተከታታይ አራት ጊዜ ተሸነፉ። ሰበብ ፍለጋ ሱቁን በዓይናቸው ዞሩ፤ ከዚያ ፎጣቸውን አነሡ። ያን ቀን ያያቸው ደንበኛ ሁሉ ነገረኝነታቸውን ይቅር አላቸው፤ እኛም ወደድናቸው።

"እትዬ" አሉ ፎጣ እያጠፉ፣ "ዋሽቼ አንብቤልሽ ቢሆንስ?"

"አውቅብህ ነበር። ጥሩ ካርታ ሲደርሰኝ ድምፅህ ሊያለቅስ ይደርሳል።"