ልጁን ሊለምኑ የመጡ ስሞች

ትናንት ማታ ራት አብዝቼ ነው መሰለኝ፣ በሕልሜ ዓለም ተገልብጣ አደረች። ፀሐይዋ ከቦዩ ውስጥ እየተንጠባጠበች ወጣች፤ ዝናቡ ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ ዘነበ፤ እኔም በጎረቤቴ በደመላሽ ግቢ በር ላይ በሰንሰለት ታስሬ ቆሜያለሁ። ሰንሰለቱን የያዘው የደመላሽ ውሻ ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎንበስ እያለ፣ “ግቡ፣ ግቡ፤ ይኼ ሰውዬ ይናከሳል፣ ግን ይዤዋለሁ” ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም ልል አፌን ብከፍት ጮህኩ፤ ያውም እንደ ውሻ።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ደመላሽና ፋናዬ ወንድ ልጅ ከወለዱ ወዲህ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ስም ሲያወጣ ነው የከረመው። ልጁ በማግስቱ ክርስትና ሊነሳ፣ እኔ እስክተኛ ድረስ “ሕፃኑ” ከመባል በቀር መጠሪያ አልነበረውም። የፋናዬ እናት እትዬ አስካለ ማንደፍሮ ካልተባለ እህል አልቀምስም ብለው አስፈራሩ። የደመላሽ እህት ኤል ብለው የሚጀምሩ ስሞችን ከነትርጉማቸው ከስልኳ ላይ አነበበች። ደመላሽ ራሱ፣ ደም እንዲመልስ ስም የወጣለት፣ ዶሮ ሲታረድ ግን ቤት ገብቶ በር የሚዘጋው ደመላሽ፣ ለሁሉም እሺ አለ። እኔም ለሁሉም አስተያየት ሰጠሁ። አንዱን ከበደ አልኩ፣ አንዱን ቀለለ አልኩ። በልቤ ያለውን ስም ብቻ አልተናገርኩም። ሰው አፍ አውጥቶ የሚናገረውም አይደለም። የራሴ ስም ነው፤ ጓንጉል።

ከእኔ ወዲህ በዚህ ሰፈር ጓንጉል የተባለ አልተወለደም። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ እኔ እንጃ እላለሁ፤ ያወጣልኝ አባቴም እኔ እንጃ እንዳለ ነው የሞተው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ዓይኖቼ ናቸው። ስሜን ከስማቸው ኋላ አስከትለው ይሄዳሉ። ከእነሱ ወዲያ ግን ጓንጉል ብሎ የሚጠራ አይኖርም። ይኼን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እናም ውሻው ከሰንሰለቱ ፈታኝና ወደ ውስጥ ላከኝ። ደመላሽና ፋናዬ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ጡጦ ይጠባሉ። እትዬ አስካለ ጥርስ ሊያበቅሉ ነው መሰለኝ ማንኪያ ይዘው ያኝካሉ። ለክርስትናው የተገዛው በግ ሽርጥ ታጥቆ ቢላዋ ይስላል። ሆዴን አይቶ፣ “ለነገ ይኼኛው ነው?” ሲል ጠየቀ።

“እሱን ተወው፣ ቃል አቀባዬ ነው” አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሕፃኑ ነበር። እኔ ለብየዳ በምቀመጥበት በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ከዘራ ይዞ ተቀምጧል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ “ጋሽ ጓንጉል፣ ና ከጎኔ ቁም። ሊለምኑኝ የመጡ እንግዶች አሉ። ወላጆቼ ገና ነፍስ አላወቁም፤ መልስ የምትሰጥልኝ አንተ ነህ” አለኝ። አንተ ማለቱ አልከፋኝም። በሕልሜ ታላቄ ነበር።

በሩ ተንኳኳና ስሞች ገቡ። ሰው ለልጁ ሚስት እንደሚለምን፣ ስሞቹም ሽማግሌ ሆነው ሕፃኑን ሊለምኑ መጥተዋል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አልቀመጥም ብሎ ይቆማል። እነዚህ ግን ገና ከመግባታቸው ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡና፣ ጉዳያችን ካላለቀ አንነሳም አሉ።

መጀመሪያ ማንደፍሮ ተናገረ። ተቀምጦ እንኳ ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል፤ ወገቡ ላይ ጥይት የሞላ ዝናር ታጥቋል። እኔን የያዘ ልጅ የሚደፍረው አይገኝም እያለ ሲፎክር የእትዬ አስካለ ዶሮ ከጓሮ ብቅ አለችና መታወቂያ ጠየቀችው። ማንደፍሮ ላብ በላብ ሆነ። ኪሱን ሁሉ በረበረ፤ የለም። ዶሮዋ ዝናሩን አስፈትታ ጥይቱን እንደ ገብስ ለቀመችው።

ከዚያ የኤል ስሞች መጡ። ሚኒባሳቸውን ተሸክመው ነው የመጡት፤ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ታጠፉ፣ ቀጥ በሉ ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ጫማ አድርገዋል፤ ትርጉማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። አንዱን አነበብኩት፤ ያምራል። ሌላውም ያምራል፤ እውነቴን ነው። ሚኒባሱን ሲያወርዱት ግቢው ክፍል ሆነ። መምህራኑ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ያዛጋሉ፤ ተማሪዎቹ ጥፍራቸውን እያዩ ይቆጣጠሯቸዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ዳይሬክተር ነኝ። ሕፃኑ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ፣ “ኤልናታን” ብሎ ጠራ። የኤል ስሞች እርስ በርስ ተያዩ። እኔን ነው፣ እሱን ነው ተባባሉ። ተመካክረው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ ወደ ቦይዋ ተመለሰች። አንድም አቤት ያለ የለም።

ዘወር ስል ክፍሉ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሕፃኑ ቄሱን ክርስትና ሊያነሳ ታቅፏቸዋል፤ እሳቸው ውኃው ቀዘቀዘኝ እያሉ እግራቸውን ያወራጫሉ። በነጠላ ጠቅልሎ ካባበላቸው በኋላ ወደ ስሞቹ ዞረ።

“ትርጉማችሁን ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የተወለድኩ ዕለት እናቴ ስትጣራ ከእናንተ ማን መጣ?”

ማንደፍሮ ቀብር ሄጄ ነበር ብሎ አንገቱን ደፋ። የኤል ስሞች ያልተነሳ ጥሪ እንዳለ ስልካቸውን አዩ።

በዚህ መሐል ከስሞቹ ኋላ የጋሪ ጎማ ሲያፏጭ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣ። ካፖርቱ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ወዲያው አወቅኩት። ስሜ ነው። እንዲህ ባለ ቀን እንዲህ ለብሶ በመምጣቱ አፈርኩበትና ጠጋ ብዬ ምን ልትሠራ መጣህ አልኩት።

“ለልመና አይደለም” አለኝ። “ጋሪውን ልመልስ ነው።”

ጋሪው የእኔ ነው፤ ብረት እጭንበታለሁ። ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ባወራው ጉራ አይሆንብኝም። ፋናዬን ምጥ የያዛት ቀን ሰው ሁሉ ቀብር ወጥቷል፤ ደመላሽም ከከተማ ውጭ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ብቻ የጀመርኩትን የሰው በር ልጨርስ ቀርቻለሁ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ “ጋሽ ጓንጉል!” ስትል ሰማሁ፤ አቤት አልኩ። ጋሪው ላይ ፍራሽ ዘርግቼ አስተኛኋትና ቁልቁለቱን እስከ ጤና ጣቢያው ገፋኋት። መንገዱን ሙሉ ስሜን ትጣራለች። “ጋሽ” የሚለውን የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ወዲያ ጓንጉል፣ ጓንጉል ብቻ ነው። በተጣራች ቁጥር አቤት እላለሁ፤ ሌላ የማዋለድ ዕውቀት የለኝም። ጎማው ከዚያን ቀን ወዲህ ያፏጫል። ዘይት አላጠጣሁትም። ድምፁን ወድጄዋለሁ።

ሕፃኑ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አየው።

“የአንተስ ትርጉም ምንድን ነው?”

“እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።”

ስሞቹ ሳቁ። ዶሮዋ ሳቀች። ቄሱ ከነጠላቸው ውስጥ ብቅ ብለው ሳቁ። ሁሉም ሲስቅ እኔም ሳቅኩ፤ በገዛ ስሜ። ሽማግሌው አልተቆጣም። ጋሪውን አቆመ፤ እጁን በካፖርቱ ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ፤ የሚስቅ ይሳቅ ብዬ። ቆሜ ሳየው ቁመታችን እኩል ነው።

ሕፃኑ በከዘራው መሬቱን መታ። ወደ ላይ ይዘንብ የነበረው ዝናብ ቀጥ አለ። በጉ ቢላዋውን አስቀመጠ። “እንግዲህ የእኔ ስም” ብሎ አፉን ሲከፍት፣

“ኧረ ጓንጉል ዛሬም ፍራሹን አራሰው!”

የእትዬ አስካለ ድምፅ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ፣ በጠዋት። “አቤት!” ብዬ ከአልጋው ላይ ብድግ አልኩና፣ የተከሰስኩበት ነገር ስላሳሰበኝ አስቀድሜ እጄን ወደ ሥሬ ሰደድኩ። ደረቅ ነው። ባለቤቴ ዘርፌ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ እየጎተተች፣ እነ ፋናዬ ስሙን ማታ እንደወሰኑ፣ ሊነግሩኝ መጥተው ማንኮራፋቴን ሰምተው እንደተመለሱ ነገረችኝ።

ከማዶ ፋናዬ ስትስቅ ሰማኋት።

“እርስዎን አይደለም፣ ጋሽ ጓንጉል” አለች። “ትንሹን ነው።”

“አቤት” አልኩ እንደገና።