ቶሎ ከተከፈተ ይፈነዳል

ዕድሜው ከገፋ በኋላ አዲስ ሙያ የሚጀምር ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ትዕግሥተኛ አስተማሪና የማይስቅ ጎረቤት። እኔ አስተማሪውን አግኝቼ ነበር።

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ እየቀረበ ሲመጣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቤት ቁጭ ብሎ ወሬ ሲጠብቁ መዋል ምን እንደሚያደርግ ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከማበድ ብዬ በአርዲቦ መንገድ ላይ ወዳለው የጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ። ጋሽ ይማም ዕድሜያቸውን በሙሉ እንጨት ሲቀርጹ የኖሩ ናቸው፤ በስተርጅና ደግሞ የተሰባበረ የመስኮት መስታወት በእቶን እያለሰለሱ ሳህን መሥራት ጀምረዋል። መጀመሪያ የሳህኑ ቅርጽ በእንጨት ይቀረጻል፤ በእንጨቱ ላይ ጭቃ ተለጥፎ የሸክላ ቅርጽ ይወጣል፤ መስታወቱ በሸክላው ላይ ተደርድሮ እቶን ይገባል። ቀላል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከጣቴ በቀር በወጉ የቀረጽኩት ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያ ሳህኔ እቶን በገባ በማግስቱ፣ ሦስት መሮና ደብተሬን በቦርሳ ይዤ ወደ ጋሽ ይማም ቤት ስሄድ መንገዱ ላይ ባለው ኬላ አንድ ሚሊሻ ፈተሸኝ። በዚያ ሰሞን ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሚሊሻው።

«መሮ ነው። እንጨት እቀርጽበታለሁ።»

«በዚህ ጊዜ?»

ደብተሬን ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ፤ «እሳቱን ቀስ በቀስ መጨመር። ከጠፋ በኋላ ሁለት ቀን አለመንካት። ቶሎ ከተከፈተ ይፈነዳል።»

ደብተሩን በዝግታ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው የሚፈነዳው?»

«ሳህን» አልኩ። እውነት እንዲህ ውሸት መስላ አታውቅም።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲሸሹኝ ተሰማኝ። በመካከላቸው ልጇን ፊደል ያስቆጠርኩላት ሴት ነበረች። ዞር ብዬ አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ሳህኑ ጋሽ ይማም እቶን ውስጥ ነው አልኩት፤ ሚሊሻው መሣሪያ እንደደገነብኝ እሳቸው ዘንድ ደረስን። «ያውቋታል?» ሲላቸው ሽማግሌው እኔን አዩ፣ መሣሪያውን አዩ። ለሰው መመስከር አብሮ የሚያስወስድበት ጊዜ ነበር።

«ወላሂ አውቃታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ተማሪዬ ናት። እንጨት እንደሷ የሚያበላሽ ሰው አላየሁም።»

«እቶኑን ይክፈቱት!»

«ገና ግለቱ አልወጣም ልጄ፤ ነገ ነው የሚከፈተው።»

«ይክፈቱት አልኩ!»

ከፈቱት። ቀዝቃዛው የጠዋት ነፋስ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ጧ! ሚሊሻው መሬት ላይ ተዘረረ። እኔም ተዘረርኩ፤ ሳህኔ መሆኑን እያወቅኩ! ጋሽ ይማም ብቻ እንደቆሙ ቀሩ።

ሚሊሻው ተነስቶ አቧራውን አራገፈና አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። «ሳህን ነው» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ላቡ በጉንጩ ይወርድ ነበር። ከኬላው ይዞት የመጣውን ደብተሬን በሁለት እጁ መለሰልኝና ወጥቶ ሄደ።

«አብሽሪ፣ ሌላ እንሠራለን» አሉኝ ጋሽ ይማም። «እንጨቱን ግን እንደ አዲስ ትቀርጭዋለሽ። ጎባጣ ነበር።»

ይህን የማወጋችሁ ሚሊሻውን ወይም ያቺን ሴት ለማማት እንዳይመስላችሁ። ከሳምንት በኋላ ከአምባሰል በኩል የተፈናቀለ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ውሃ ለመነኝ። ከባድ ከረጢት ተሸክሟል። ውሃውን በጣሳ ሰጠሁት፤ የሰጠሁት ግን በሩን ሳልከፍት፣ በአጥሩ ላይ አሳልፌ ነው። ምንም አልጠየቅኩትም። ዓይኔ ብቻ ከከረጢቱ ላይ አልነሳ አለ።

ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የከረጢቱን አፍ ይፈታ ጀመር።

«የልጆቼ ልብስ ነው፣ እትዬ» አለኝ።