የመተማ ሙቀትና አምስቱ የኮሚቴ አባላት

ማዕረግ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ መተማ ዮሐንስ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተመደበች። ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከደብረ ታቦር ስትነሣ የለበሰችውን ሹራብ እያወለቀች ከመኪና ወረደች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ያረጋል በክብር ተቀበሏት።

«ሥራ አትጀምሪም» አሏት። «መጀመሪያ ከተማችንን መልመድ አለብሽ። አምስት አባላት ያሉት አላማጅ ኮሚቴ አቋቁመናል።»

«እሺ ጌታዬ። እስከዚያው የት ልቀመጥ?»

«ወንበርሽ ስብሰባ ላይ ናት።»

እውነታቸውን ነው። የቢሮው ወንበሮች በሙሉ አዳራሽ ገብተዋል፤ ኮሚቴው ተቀምጦባቸው ማዕረግ የት ትቀመጥ በሚለው አጀንዳ ላይ ይወያያል።

ከውሰር የምትባለው የቤት አከራይዋ ግን ነገሩን በአንድ ምሳ ጨረሰችው። «እቱ፣ በቀትር አትዙሪ። ሳይጠማሽ ጠጪ። ማታ አልጋሽን ደጅ አውጪ፤ አጎበሩን እንዳትረሺ። እዚህ አገር ጣራ የተሠራው ለዕቃ ነው።» ማዕረግም የተባለችውን አደረገች፤ በሳምንቷ ለመደች።

በሁለተኛው ሳምንት ኮሚቴው ስለ ከተማዋ የጀመረውን ጥናት አጠናቅቆ መተማ ሞቃት መሆኗን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ቀጥሎም «ሙቀትን መቋቋም» የተሰኘ የአምስት ቀን ዐውደ ጥናት ጎንደር ላይ እንዲካሄድ ወሰነ።

«እዚሁ ቢሆን አይሻልም?» አለች ማዕረግ።

አቶ ያረጋል በሐዘኔታ አዩዋት። «ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ማን ያስባል?»

እሳቸውም ኮሚቴውም ጎንደር ሄዱ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አይናዲስ በተወካይነት ከነማኅተሙ ቀሩ። ወንበሮቹም ቀሩ። ማዕረግ አንዱን ይዛ ወደ ግቢው ዛፍ ጥላ ወጣች፤ እዚያ ባለጉዳይ ተኮልኩሏል። ከመካከላቸው አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የመጣ ባንተአምላክ የሚባል ሰው ነው። ነጠላውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ለነፃ ሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ከጠየቀ ስድስት ቀኑ ነው።

«ስድስት ቀን ሙሉ ምን አሉህ?»

«ተራህን ጠብቅ አሉኝ፣ እህት ዓለም። ትኩሳቱ ግን ተራ አይጠብቅ።»

ማዕረግ ደነገጠች። ሮጣ ወይዘሮ አይናዲስ ዘንድ ገባች።

«እርስዎ መፈረም ይችላሉ?»

«የሚጽፍ ጠፋ እንጂ ማኅተሙስ መቼ ደረቀ!» አሉ ወይዘሮዋ፣ መሳቢያቸውን እየሳቡ።

ደብዳቤው አሥር ደቂቃ ፈጀ። ባንተአምላክን በባጃጅ ይዛው ሄደች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ደሙን አይታ «ወባ ነው። ነገ ቢመጣ ኖሮ ለእኛም ይከብደን ነበር» አለች። ማዕረግ ከዚያ በኋላ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አቃታት። እሷ ስትጽፍ፣ ወይዘሮ አይናዲስ ሲያትሙ፣ በአራት ቀን ግቢው ባዶ ሆነ።

ኮሚቴው የጎንደር ብርድ ጉንፋን አስይዞት እየሳለ ተመለሰ።

«ሰዉ የት ሄደ?» አሉ አቶ ያረጋል።

«ጉዳዩ አልቆለት ወደየቤቱ።» ማዕረግ ምስጋና ጠበቀች።

«የሁሉም?»

«የሁሉም። ባንተአምላክም ድኖ አጨዳው ገብቷል።»

አቶ ያረጋል ግድግዳውን ተደገፉ። «ምን አደረግሽን? ዕቅዳችን እኮ ውዝፍ ጉዳዮችን በየሩብ ዓመቱ አሥር በመቶ መቀነስ ነው! ውዝፍ ከሌለ ምኑን እንቀንሳለን?»

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ባጃጅ ከተማውን ዞረ። «ጉዳያችሁ ከዕቅድ ውጪ ያለቀላችሁ ባለጉዳዮች፣ ውሳኔያችሁን ይዛችሁ በአስቸኳይ ትመለሱ ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን!»

ማንም አልተመለሰም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ግን በሰዓቱ ተላከ፤ በመጨረሻው ገጽም እንዲህ ይላል፦ «ያጋጠመ ችግር፦ የባለጉዳይ እጥረት። የተወሰደ መፍትሔ፦ ተለማማጇን የኮሚቴ አባል ማድረግ።»