ለማትነሣዋ ሴትዮ የለመንኩት ልመና

ሰው የማይጠፋበት ነገር የለም። ቁልፍ ይጠፋበታል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ያምሳል። እኔ ደግሞ በስልክ እያወራሁ ስልኬን የፈለግሁባቸው ቀናት አሉ። ግን ሰው ራሱ ይጠፋበታል እንዴ? አዎ ትላለች ልጄ ምሕረት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ይህንን ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ «ራስን ፍለጋና ማንነት በዘመኑ ልቦለድ፦ ከሥነ ልቦና አንጻር» ይላል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ስለሆንኩ ርዕሱን ለመጨረስ መሐል ላይ ማረፍ ነበረብኝ።

የምትመረምረውን ልቦለድ ለእረፍት ስትመጣ ትታልኝ ሄደች። ታሪኩ በስሟ የሚጠራት ስላጣች ሴት ነው። የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት እየተባለች ትኖርና አንድ ቀን ይመርራታል። «እማ፣ አንቺም እኮ እንደሷ ነሽ፤ ስንት ዓመት የኤርሚያስ እናት...» ብላ ጀመረችና ምሕረት ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች።

ለምን እንደወጣች ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በስሟ መጥራት እንደ ድፍረት ነው። እኔ ከአንጋጫ ተድሬ ሆሳዕና ከተማ ስመጣ አበበች ነበርኩ። በዓመቱ ኤርሚያስ ተወለደ፣ አበበችም በዚያው ቀረች። ገበያ ብሄድ የኤርሚያስ እናት፣ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ የኤርሚያስ እናት። ከዚያ ልጄ በሃያ ሦስት ዓመቱ እንደ እኩዮቹ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቀረ። መርዶው ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው።

ከለቅሶው በኋላ ሰዉ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ አዘነልኝ። «የኤር...» ይሉና ይውጡታል። አንዷ «የምሕረት እናት» ብትለኝ ዞሬም አላየሁ። ሌላው እህቴ፣ ሌላው እትዬ ይለኛል። እንግዲህ አስቡት፣ የልቦለዷ ሴት ተሟግታ ያልተገላገለችውን ስም እኔ በነጻ ተገላገልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ታዲያ ባለፈው መታወቂያ ላድስ ቀበሌ ሄድኩ። ቅጹን ሰጥቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፉን ገለጥኩ። ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። በማታውቀው ከተማ ቤት ተከራይታ፣ መስታወት ፊት ቆማ ስሟን ትጠራለች። ምሕረት በቀይ እስክሪብቶ አስምራበት ጠርዙ ላይ «ራሷን አገኘች!» ብላለች። እኔን ግን ሆዴን በላኝ። ምስኪን፣ ሌላ የሚጠራት ሰው አጣች?

እዚህ ላይ እያለሁ ከጸሐፊዋ መስኮት በኩል «አበበች ሄራሞ» የሚል ጥሪ ተሰማ። አንገቴን አላነሣሁም። ሁለተኛ ተጠራ። ቀና ብዬ እንደ ሰዉ ግራ ቀኝ አየሁ። ይቺ ሴትዮ የት ሄዳ ነው? ስንት ሰዓት ተሰልፋ እንዲህ ተራዋን ታስበላለች? ሦስተኛ ሲጠራ አላስችል አለኝና ለጸሐፊዋ ተናገርኩላት። «ልጄ፣ ትንሽ ታገሻት፤ ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል፣ እግሯንም ሊያማት ይችላል» አልኳት። «ማዘር፣ እስከ መቼ ልታገሳት?» አለችና ወረቀቱን ወደ ጎን ወረወረችው። ልመናዬ እንኳ ሴትዮዋን አልጠቀማት ብዬ አዘንኩ።

ከኋላዬ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ጎረቤታችን ባለሱቁ ከድር ነበር። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆነ የመዝገብ ስሜን ያውቃል። ሲያየኝ ሲያየኝ ቆየና በሙሉ ድምፁ፣ «ኧረ የኤርሚያስ እናት! እርስዎን እኮ ነው!» አለ።

«አቤት!» ብዬ ብድግ አልኩ፤ መጽሐፉ ከጭኔ ወደቀ።

ከድር አፉን በእጁ ያዘ። የሚያውቁኝ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። «አፉ ይበሉኝ እትዬ፣ አምልጦኝ ነው» አለኝ። «ምኑን ነው አፉ የምልህ? ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» አልኩት። እንባዬ ከዚያ በኋላ የመጣው በራሱ ጊዜ ነው።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከወረወረችበት አነሣች። ለሴትዮዋ ሳማልድ የነበረው ለራሴ መሆኑ ሲገባት ሳቋን መያዝ አቃታት። ትሳቅ፣ ልጅ ናት። ትንሽ የሚለምንልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፣ አልኳት።

ለምሕረት በስልክ ነገርኳት። ሳቀች፣ ቀጥሎ ይህንን ጽሑፏ ውስጥ ማስገባት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስገቢው፣ ግን ከየትኞቹ ልትመድቢኝ ነው፣ ራሳቸውን ካገኙት ወይስ ከጠፋባቸው? አልኳት። «እኔ እንጃ፣ እማ» አለች። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ መልስ ነው።

ከድር ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በር ሆኖ የኤርሚያስ እናት እያለ በባጃጅ ጩኸት ላይ ይጮህብኛል። ጌታ ይባርከው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ በመጨረሻው ቀን የሕይወት መጽሐፍ ይከፈታል ተብሏል። እዚያም የሰፈረው እንደ ቢሮው አበበች ሄራሞ ከሆነ አለቀልኝ፤ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ ጌታ ሆይ ትንሽ ታገሣት እያልኩ፣ ተራዬ ያልፋል። ስለዚህ ጸሎቴ ላይ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ፦ ስም መጥራቱን ለኤርሚያስ ስጠው። እሱ እማ ካለኝ፣ አንዴ ይበቃል።