አቶ ዕንባቆም ኮምፒውተር ሊገጥሙ ነው

ዕቃ ሳያጠና የማይገዛ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሆሳዕና ግን ከድርሻዋ በላይ የደረሳት ይመስለኛል። አንዲት ዶሮ ለመግዛት ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ክንፏን ገልጦ፣ የሻጯን ቀበሌ ጠይቆ፣ ‹‹እስቲ የሚቀጥለው ገበያ ይድረስ›› ብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዶቻችን እንዲያውም እንዛመደዋለን። እኔ የማውቃቸው ሰው ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ከጎኔ ይቀመጣሉ።

አቶ ዕንባቆም በእርሻ መሥሪያ ቤታችን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም ‹‹አንተ›› ነው የምላቸው። በጽሑፍ ሲሆን ግን አንቱታው ይገባቸዋል። አንድ ነገር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያጠና ሰው ሌላ ቦታ ቢሆን ዶክተር ይባል ነበር።

የጥናታቸው ርዕስ ኮምፒውተር ነው። ጌም የሚጫወቱበት፣ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠው በገዛ እጃቸው የሚገጥሙት። ጌሙም ኳስ ወይም ጦርነት አይደለም፤ እርሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ገበሬ ሲያማክሩ የዋሉት ሰው ከሥራ ወጥተው ስክሪን ላይ በኮምባይነር ስንዴ ሊያጭዱ ነው ምኞታቸው። ‹‹የተገጠመ ግዛና ተገላገል›› ስላቸው፣ የተገጠመውንማ ማንም ይገዛል አሉኝ።

የዕቃው ዝርዝር ደብተር ላይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደገና ተጽፏል። የማሽኑ አእምሮ የሆነውን ፕሮሰሰር ሲመርጡ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ አይቀበለውም። ማዘርቦርዱን ሲቀይሩ ራሙ አይገጥምም። ሦስቱ ሲስማሙ ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰር ወጣ ይባላል። ያን ጊዜ አቶ ዕንባቆም ‹‹ትንሽ ይጠና›› ይሉና አዲስ ገጽ ይከፍታሉ።

የማይጠይቁት ሰው የለም። አንድ ለቅሶ ላይ የሟች የእህት ልጅ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ይጠግናል ሲባል ሰሙ። ‹‹እግዚአብሔር ያጽናህ›› ብለውት አጠገቡ ተቀመጡና ለማሽኑ ኃይል ስለሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ጠየቁት። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ። ሰውየው ግን ረጅም መልስ ሰጣቸው፤ እንዲያውም የተጽናና መሰለኝ። ከመናኸሪያው በታች ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ጁነዲንም የታወቀ ትዕግሥተኛ ነው። አንድ ዓርብ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ፣ አቶ ዕንባቆም ሁለት የግራፊክስ ካርድ ካርቶን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደቆሙ አገኛቸው።

ባለቤታቸው ጣቢታ አስተማሪ ናት፤ ነገሩን በጸጋ ተቀብላዋለች። ‹‹እኔንም ሳያገባኝ አራት ዓመት አጥንቶኛል፤ ውጤቱ ክፉ አልነበረም›› ትላለች።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሞርሲቶ አካባቢ አቶ ጠና የሚባሉ ገበሬ እንሰታቸው መጠውለግ ጀመረና አብረን ሄድን። አቶ ዕንባቆም ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አዩና በሃድይኛ ተናገሩ፦ ይኸ ረድፍ ዛሬውኑ ተነቅሎ ይቀበር፣ ቢላውም በእሳት ይለብለብ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስንመለስ ግን መኪና ውስጥ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ማራገቢያ ይበቃው እንደሆነ ወይስ ሦስት ያስፈልገው እንደሆነ እስከ ሆሳዕና ድረስ ሲያወጡና ሲያወርዱ መጡ።

ዕቃው በዝግታም ቢሆን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየተጫነ መጣ። መጀመሪያ ጎኑ መስታወት የሆነና ባለ ቀለም መብራት ያለው ኬዙ፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ። ራሙን ሦስት ቀን በደረት ኪሳቸው ይዘው ቢሮ ገቡ። የቀረው የጌሙን ምስል የሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ሆነ፤ እሱ እስኪመረጥ ካርቶኖቹ ቁምሳጥን ላይ ስምንት ወር ተቀመጡ።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከቢሯችን ፊት ለፊት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምትሠራው የሊያ ኮምፒውተር ተቃጠለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና ማሽኑ ጭስ አወጣ። ዱራሜ ያለ አንድ ድርጅት የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው በማግስቱ ዓርብ ነው። የከተማው ሥራ ፈላጊ ግማሹ ማመልከቻውን ያስጻፈው እሷ ዘንድ ነው፤ ሁሉም እዚያ ማሽን ውስጥ ነው ያለው። ደጃፏ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሊያ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ‹‹ይቅርታ›› ትላለች።

አቶ ዕንባቆምን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ‹‹ይጠና›› ይላሉ ብዬ ነበር። መጡ፤ ማሽኑን በመፍቻ ከፈቱት፤ አሸተቱት።

‹‹ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄዷል›› አሉ። ‹‹ጽሑፉ ያለበት ዲስክ ግን የተነካ አይመስለኝም።››

‹‹ስንት ቀን ይፈጃል፣ ጋሼ?›› አለች ሊያ።

እሳቸው ወጥተው ሄዱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመለሱ፤ ካርቶኖቻቸው ሁሉ ጭናቸው ላይና እግራቸው ሥር ነበሩ። ለጽሑፍ ሥራ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም አሉና ሸሚዛቸውን ጠቀለሉ።

ከዚያ በፊት ፕሮሰሰር በእጃቸው ገጥመው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ቦታው አወረዱት። ከሥሩ ካሉት ቀጫጭን እግሮች አንዷ ብትታጠፍ ያ ሁሉ ጥናት ገደል ገባ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ገጥመው ጨረሱ፤ የሊያን ዲስክ ሰኩና ማሽኑን አበሩት። ኬዙ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ በራ። ሊያ እንደ ሠርግ ቤት በሚያብለጨልጭ ኮምፒውተር ማመልከቻ ማተም ልትጀምር ነው።

በጆሯቸው ‹‹ዛሬስ ጥናቱ የት ገባ?›› አልኳቸው።

‹‹ሰው ሥራው ቆሞበት ምኑ ይጠናል?›› አሉ።

ፕሪንተሩን ሊሞክሩ ከላይ ያገኙትን ፋይል ከፈቱና አተሙት። የወጣው ገጽ ለዱራሜው ድርጅት የተጻፈ ማመልከቻ ነበር። የኔ ነው። ሰኞ ዕለት ለማንም ሳልናገር ለሊያ የሰጠኋት። ሮጬ የጠራኋቸውም ለሊያ አዝኜ ብቻ አልነበረም።

ስሜን አዩት። እርሳቸው የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይተዉምና እስከ ፊርማው ድረስ አነበቡ። ከዚያ ወደ ሊያ ዞረው፣ ‹‹ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ልምጭ ይላል፤ ልምድ በይለት›› አሏት።

ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ። ‹‹ጥሩ ተጽፏል፤ ይወስዱሃል›› አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ።

ሊያ እስከ ሰኔ በማሽኑ ስትሠራ ቆይታ የራሷን ስትገዛ መለሰችላቸው። ግራፊክስ ካርዱም ተገዛ፤ ጁነዲን ዘንድ ከሁለቱ አንዱ ተሸጦ አልቆ ስለነበር የቀረውን ወሰዱ። አሁን ስንዴያቸውን ያጭዳሉ፤ ጣቢታም ትራክተር ትነዳላቸዋለች ይባላል።

እኔ ያን ዓርብ የታረመውን ማመልከቻ በፖስታ አሽጌ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ። ወደ ዱራሜ የሚሄደው ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎት ረዳቱ ይጣራል። ቆሜ አየሁት። ሌላ ሰው ገባና ሚኒባሱ ሄደ፤ እኔም ፖስታውን እንደያዝኩ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

አቶ ዕንባቆም አመልክቼ የዱራሜ ሰዎች ሳይጠሩኝ የቀሩ ይመስላቸዋል። ‹‹ሰው የማያውቁ ናቸው፤ አትዘን›› እያሉ ክረምቱን ሙሉ ሲያጽናኑኝ ከረሙ። እውነቱን የሚያውቁት ይህን ሲያነቡ ነው።