የተሸፈነው ቀይ መብራት

ዘይት መቀየርን የሜካኒክ ተንኮል አድርገው የሚያዩ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ዋነኛው ናቸው። ይጨምራሉ እንጂ አይቀይሩም።

ባለፈው ሐምሌ ከሰፈራችን ከዊትኒ ወደ ነርስነት ፈተናዬ በመኪናቸው ሲያደርሱኝ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ከለጠፉት የገብርኤል ሥዕል ጠርዝ ቀይ ብርሃን ያፈተልካል፤ ለካ የዘይቱን መብራት ሸፍነውበታል! ሞተሩ መንኳኳት ጀምሯል። ትልቅ ሰው ይታረማል እንዴ? ላቤን ጠረግሁ። ሀይዌይ ስንገባ ግን ፍርሃቴ ይሉኝታዬን አሸነፈው።

«ጋሼ፣ ዘይቱን መቼ ቀየሩት?»

«ባለፈው ሳምንት ጨምሬበታለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«መጨመርማ መቀየር አይደለም። ሞተሩ እንዳይቆም...»

ሳልጨርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ፈተናው ያለ እኔ ሲጀመር፣ ጋሽ ታደሰ መንገድ ዳር ቆመው ይቆጡኛል።

«ይኸው፣ አሟረትሽብኝ!»